እስከ ምርጊቱ፣ እስከ ጭራው

በወጣትነቴ ዘመን፣ ጃንሆይ በነበሩበት ጊዜ፣ በአገው ምድር፣ በቆሰበር ከተማ፣ ቤት የሚጠራው በቆርቆሮው ቁጥር ነበር። «የእገሌ የሠላሳ ቆርቆሮ ቤት» ከተባለ ስለ ሰውየው ሌላ ነገር መጠየቅ አያስፈልግም፤ ከብቱንም፣ ኩራቱንም፣ ሚስቱ የምትለብሰውንም ታውቀዋለህ። የእኔ የሃያ ቆርቆሮ ቤት ነበር። ትንሽ ነው። ግን በዚያች ትንሽ ቤት ምክንያት ከአንድ ሰው ጋር የተያያዝኩት ቂም መቶ ቆርቆሮ አይከድነውም።

ከባሌ ጋር የተለያየነው ዳንግላ ነው። ስለ ባሌ የምጽፈው የለኝም፤ እሱን ረስቼዋለሁ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ያለንን አካፈሉን፤ አባቴ ስዳር የሰጠኝ ዳማ ፈረስ ወደ እኔ ተመለሰ። አምስት ዓመት ያልሞላት ሴት ልጃችን ግን አልተመለሰችም። «አንቺ የምትገቢው ወንድምሽ ቤት ነው፤ ሕፃን በሰው ቤት ጥግ ክረምት አይከርምም» አሉኝ። «የራስሽን ቤት ሠርተሽ ካሳየሽ ልጅሽን ትወስጃለሽ። እስከ ሰኔ ሚካኤል ካልሆነልሽ ግን ልጅቱ ካባቷ እናት ጋር ትቀራለች።» አማቴም እዚያው ተቀምጠው ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህን የሰማሁት በታኅሣሥ ነው። ቀን እየቆጠርኩ መናደድ የጀመርኩት ከዚያ ቀን ነው።

ወንድሜ ከአባታችን ቦታ ላይ በመንገዱ ዳር ያለችውን ቁራጭ ሰጠኝ፤ ጥዱንና ባሕር ዛፉንም ቆርጦ ሰጠኝ። ቆርቆሮውን ከማጫዬ በተረፈው ገዛሁ። የቀረኝ አናጢ ነበር። በአካባቢው ስሙ የሚጠራ አናጢ ዳንግላ ነበረና አስጠራሁት። ሰውየው አርባ ዓመት ያለፈው፣ ቁመናው ያማረ፣ ንግግር የሚያውቅ ነበር። አገውኛ አንድ ቃል አይችልም፤ እንዳይችልም ይጠነቀቅ ነበር። እንደመጣ ቦታውን አላየም፣ እንጨቱን አላየም። ያየው ፈረሴን ነው።

«ይህን ፈረስ ስጪኝና ቤትሽን ልሥራልሽ» አለኝ።

ለጥር ጊዮርጊስ በእኛ አገር ፈረስ የሌለው ሰው ሰው አይመስልም፤ ፈረሰኛው ተሸላልሞ ሲጋልብ እግረኛው አቧራውን ይበላል። አናጢው በሙያው ገንዘብ አግኝቷል፣ ክብር ግን ገና አላገኘም። ክብር የሚመጣለት በዚያ ዳማ ፈረስ ጀርባ ላይ መሆኑን ዓይኑ ይናገር ነበር። እኔም ፈረስ ከምይዝ ልጄን ብይዝ ይሻለኛል ብዬ እሺ አልኩ። ግን አንድ ነገር አስጨንቆኝ ነበር። በእኛ ዘንድ አናጢ ቤቱን ያቆማል፣ ይከድናል፤ ጭቃ አቡክቶ ግድግዳ መምረግ የደቦ ሥራ ነው። ለእኔ ደቦ የሚወጣ ማን ነው? ከባሏ የተፋታች ሴት ያውም ከሠፈሩ ርቃ ኖራ ገና ስትመለስ ጠርታ ማን ይመጣል?

ወንድሜ ባለበት ይህንኑ ነገርኩት። «ምርጊቱ ነው የጨነቀኝ። ደቦ የሚወጣልኝ የለኝም፤ ወንድሜም በእርሻ ተይዟል» አልኩት።

«ስለሱ አታስቢ፤ እስከ ምርጊቱ እኔ አለሁልሽ» አለኝ።

ቀለል አለኝ። «እንዲያ ካሉኝ ልጄ ለሰኔ ሚካኤል ትገባበታለች» አልኩት። ያኔ ገና አንቱ እለው ነበር።

«ትግባ እንጂ!» አለ።

ከዚያ ፈረሱን ዞረው። ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን አየ፣ ጋማውን ዳሰሰ፣ ጭራውን በእጁ ጠቅልሎ ሳብ አደረገ። ጭራው ሰኮናው ድረስ የሚወርድ፣ ጥቁር፣ ሐር የመሰለ ነበር። «እንግዲህ ከከንፈሩ እስከ ጭራው የኔ ነው?» አለኝ። «ቤቱ ሲያልቅ ከከንፈሩ እስከ ጭራው ያንቱ ነው» አልኩት። እጅ ተመታታን፤ ወንድሜ ምስክር ሆነ። ወረቀት አልነበረም። እጅ ከተመታ ወረቀት ምን ያደርጋል እንል ነበር።

እውነቱን ለመናገር አናጢነቱን አልነቅፍበትም። ጥዱን ለቋሚ መርጦ ተከለ፣ ፍልጡን አስተካክሎ ማገረ፣ ጣራው አላፈሰሰም። እኔም በኩሌ አፈሩን አስቆፈርኩ፣ ጭዱን አመጣሁ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጭዱ ክምር ላይ ጋደም ብሎ፣ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ እንዳደረገ፣ «ይህ ጭድ ለዚህ ሁሉ ግድግዳ አይበቃም፤ ጨምሪ» አለኝ። እኔም ሞኚቷ አዘና አገር ካሉ ዘመዶቼ በአህያ አስጭኜ ጨመርኩ። እሱ ለሚመርገው ግድግዳ የማመጣ መስሎኝ ነዋ!

ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ሰማዩ በየከሰዓቱ ማጉረምረም በጀመረበት ሰሞን፣ የመጨረሻውን ምስማር መታ። ከጣራው ወረደ፣ እጁን ታጠበ፣ መጋዙን በጨርቅ ጠቀለለ። «በይ ፈረሴን» አለኝ።

እኔ ቤቱ ውስጥ ቆሜ ነበር። በግድግዳው ፍልጥ መካከል በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ይታየኛል፤ ንፋሱ ነጠላዬን ያነሳዋል። የቆሰበርን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። በዚያ ክፍተት ከብት እንኳ አያድርበትም።

«ምርጊቱስ?» አልኩት።

«የምን ምርጊት?»

«እስከ ምርጊቱ አለሁልሽ አላሉኝም?»

«ብያለሁ። እስከ ምርጊቱ ነው ያልኩሽ። ይኸው ምርጊቱ ጋ ደረስኩ፣ ቆምኩ። ምርጊቱን ጨምሬ ማን አለሽ?» አለኝና ወደ ሁለቱ ሠራተኞቹ ዞረ። «አገውኛ አፉን የፈታ ሰው አማርኛ ሲነግሩት ግማሹን ነው የሚሰማው» አላቸው። ሠራተኞቹ ሳቁ።

ቤቱ አለማለቁ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እረሳው ነበር። ሳቁን ግን አልረሳሁትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሁለት ቋንቋ መቻሌ ጉድለት ሆኖ ሲቆጠርብኝ፣ ያውም በገዛ ደጄ፣ ያውም ልጄን ከእጄ ለሚነጥቅ ተንኮል መሸፈኛ ሲሆን! አንገቴን ደፋሁ። «እሺ፣ በገበያው ቀን ና ውሰደው» አልኩት። አንተ ማለት የጀመርኩት ያን ቀን ነው፤ እሱ ልብ አላለውም።

ወንድሜ ማታውን ለመነኝ። «ፈረሱን ስጪውና ይሂድ፤ ነገር አታንሺ። እኔ ዘሬን ልዝራና እመርግልሻለሁ» አለ። እሱ ዘሩን እስኪዘራ ሰኔ ሚካኤል አልፎ፣ ልጄ የሌላ ሰው ልጅ ትሆናለች። የንስሐ አባቴም ሰምተው «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው» አሉኝ። እሺ ብያቸው መስቀላቸውን ተሳለምኩ። ስመለስ ወንድሜ ቤት ገብቼ የበግ መሸለቻውን መቀስ ተዋስኩ።

በገበያው ቀን ጠዋት የፈረሱን ጭራ ከሥሩ ሸለትኩት። ሥጋውን አልነካሁም፤ አንዲት ጠብታ ደም አልወጣም። ፈረሱ እያወቀኝ ዝም ብሎ ቆመልኝ። ስጨርስ ከኋላው የቀረው ጉቶ ብቻ ነው። ጸጉሩን በከረጢት አስቀመጥኩና ፈረሱን መንገድ ዳር አሰርኩት።

አናጢው አዲስ ኮርቻ አስይዞ መጣ። ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶታል። ከፊት ለፊት ሲያየው ፈገግ አለ፤ ዞሮ ከኋላ ሲያየው ኮርቻው ከሠራተኛው እጅ ወደቀ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ፈረስህ ነዋ!» አልኩት፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ከከንፈሩ እስከ ጭራው። ጭራው ጋ ደረስኩ፣ ቆምኩ።»

መጀመሪያ አማርኛ የሚሰሙት ሳቁ። ቀጥሎ እነሱ በአገውኛ ሲነግሯቸው የቀሩት ሳቁ። እሱ ዱላውን አነሳ። «በሕግ አምላክ!» አልኩት። ዱላው አየር ላይ ቀረ። «በሕግማ እጠይቅሻለሁ!» ብሎ ፈረሱን ትቶ ሄደ።

እኔም የፈለግኩት ይህንኑ ነበር። ሰዎች አስበሽበት ነው ወይ ይሉኛል። አዎ፣ አስቤበት ነው። እኔ ብከሰው ኖሮ የምንከራከረው ስለ ምርጊት ነው፤ በምርጊት ደግሞ ምላሱ ከእኔ ይረዝማል። እሱ ሲከሰኝ ግን የሚከራከረው ስለ ጭራ ነው። ስለ ጭራ ሲናገር አፉ ወዴት እንደሚወስደው አውቄ ነበር።

አጥቢያ ዳኛው ጨዋ ሽማግሌ ነበሩ፤ ችሎቱን የሚያስችሉት ከቤታቸው ደጅ ካለው ዋርካ ሥር ነው። አዲስ የውል ሕግ ወጥቷል ሲባል ሰምተን ነበር፤ መጽሐፉ ግን ገና ቆሰበር አልደረሰም። እሳቸው የሚፈርዱት በሚያውቁት ነው። የዚያን ቀን ዝንብ በዝቶ ስለነበር የፈረስ ጭራ ይዘው ይከላከሉ ነበር። ስለ ተቆረጠ ጭራ ለመስማት ጭራ ይዘው ሲቀመጡ ሕዝቡ ገና ክሱ ሳይጀመር ሳቁን አፈነ። እኔ አልሳቅኩም። ሰኔ ሚካኤል ሊደርስ የቀረው ጥቂት ቀን ነበር፤ ያን ቀን ከተረታሁ ልጄም ተረትታለች።

አናጢው ቆመና ተናገረ። ዳኛው ሰሙትና ጠየቁት፤ «እስከ ጭራው ስትል ጭራውን ጨምረህ ነው?»

«ጌታዬ፣ ይህ ይጠየቃል? ፈረስ ያለ ጭራው ማን ይፈልጋል? ከከንፈሩ እስከ ጭራው ማለት ከነጭራው ማለት ነው፤ ሕፃን ያውቀዋል! እሷም ታውቃለች። ጭራውን እንደምፈልገው፣ በእጄ ጠቅልዬ ስስበው አይታለች። እያወቀች ዝም ብላ እጄን መታች። ሰው ሲሳሳት እያዩ ዝም ማለት ማታለል አይደለም ወይ?»

በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው በራሷ አሳጠረች እንደተባለው ነው። ጨርሶ ሲቀመጥ እኔ ተነሳሁ።

«ጌታዬ፣ የተናገረውን ሁሉ አምኜለታለሁ» አልኩ። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ወንድሜ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «እስከ ማለት ከነ ማለት ነው ብሏል፤ ልክ ነው። ሌላው ሲሳሳት እያዩ ዝም ማለት ማታለል ነው ብሏል፤ እሱም ልክ ነው። እነዚህን ሁለት ቃሎቹን ይያዙልኝና ስለ ቤቴ ይጠይቁልኝ።»

ከዚያ ከመነሻው ተረኩላቸው፤ ስለ ደቦው፣ ስለ ልጄ፣ ስለ ጭዱ። ወንድሜም መሰከረ። የአናጢው ቀይ ፊት አመድ መሰለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

«እስከ ምርጊቱ ብለሃታል?» አሉት ዳኛው።

«ብያለሁ፤ ግን የሙያው ልማድ አለ። አናጢ ጭቃ አይነካም። ይህን ሁሉ ሰው ያውቃል። እሷ ካልገባት ስሕተቱ የእሷ ነው፤ የእሷን ስሕተት እኔ ለምን እከፍላለሁ?»

«ልማዱ እንዳልከው ነው። ግን ደቦ የለኝም ስትልህ አይደለም ወይ ‹አለሁልሽ› ያልካት?»

ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረ።

«ስትሳሳት አላወቅህም?»

«የሰው ልብ እንዴት ይታወቃል ጌታዬ!»

«ጭዱን ጨምሪ ያልካት ማን ለሚመርገው ነው?»

«እሷው… ራሷ ለምትመርገው።»

«ራሷ ለምትመርገው ቢበቃ ባይበቃ አንተን ምን አገባህ?»

ከኋላዬ አንዲት ሴት እልል አለች፤ የዳኛው ዘበኛ ተቆጥቶ ዝም አሰኛት። ዳኛው ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

«ውል የሚባለው የሁለት ሰው ልብ አንድ ነገር ላይ ሲያርፍ ነው» አሉ። «የእናንተ እጃችሁ ተገናኘ እንጂ ልባችሁ አልተገናኘም። እሷ በቅንነት ብትሳሳት፣ አንተም ባታውቅ ኖሮ ‹ቃሉን አጣርተሽ መጠየቅ ነበረብሽ› ብዬ እመልሳት ነበር። አንተ ግን ስሕተቷን አይተህ ተኛህበት፤ ያውም ጭዱ ላይ። አይተህ ዝም ካልህ እሷ እንደገባት ነው የተዋዋልከው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺም ጭራውን እንደሚፈልግ እያወቅሽ ነው የቆረጥሽው።»

«እያወቅኩ ነው» አልኩ።

«አላፈርሽም?»

«አላፈርኩም ጌታዬ።»

ጥቂት አዩኝና፣ «የፈረስ ጭራ ይበቅላል፤ ግድግዳ ግን ካልመረጉት አይመረግም» አሉ። አናጢው ቤቱን ከውስጥም ከውጭም መርጎ ለሰኔ ሚካኤል እንዲያስረክብ፣ እንዳስረከበም ፈረሱን እንዳለ እንዲወስድ ፈረዱ።

እዚህ ላይ ሌላ ሴት ብትሆን እጅ ነስታ ትሄድ ነበር። እኔ አልሄድኩም። «ጌታዬ፣ ‹እኔ አለሁልሽ› ነው ያለኝ፤ ‹ሠራተኞቼ አሉልሽ› አላለኝም። በራሱ እጅ ይምረግልኝ» አልኩ። ዳኛው ሳቃቸውን በጭራው ሸፍነው «ይሁንልሽ» አሉ።

እነዚያን ቀናት እንዴት እንዳጣጣምኳቸው! አናጢው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ በመንገዱ ዳር ጭቃ ረገጠ። እኔ በሩ ላይ በርጩማ አውጥቼ ተቀመጥኩ። ፈረሱን ቂጡን ወደ እሱ አድርጌ አሰርኩት። ዘንቢሉን ይዞ የሚያልፈው ሁሉ «ምን ሆኖ ነው?» እያለ በአገውኛ ይጠይቀኛል፤ እኔም በአገውኛ ከመነሻው እተርክለታለሁ። አማርኛን ግማሹን ነው የምትሰማው ያለኝ ሰው ከአገውኛው የሚሰማው ሳቁን ብቻ ነበር። ሲደክመው ቀና ይላል። «ይህ ጭቃ አይበቃም፤ ጨምር» እለዋለሁ። አንድ ከሰዓት ዝናብ መጥቶ የመረገውን አንዱን ጎን አጠበበት፤ ደግሞ ከመጀመሪያ ጀመረ። ማዘን ነበረብኝ ይሆናል። ደስ ነው ያለኝ። ከውስጥ እሳት አንድጄ ግድግዳውን አደረቅሁ፤ ውጭውን ግን ለእሱ ተውኩት።

በሰኔ ሚካኤል ዕለት የመጨረሻውን ጥግ በመዳፉ እያለሰለሰ ሳለ አማቴ በበቅሎ መጡ፤ ልጄን ከፊታቸው አስቀምጠው። ወረዱና ከኔ ጋር ሳይሳሳሙ በቀጥታ ወደ ቤቱ ገቡ። ግድግዳውን በጣታቸው ጫን ጫን እያደረጉ ዞሩ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጣታቸውን በዓይኔ እከተል ነበር።

ልጄ ስድስት ወር አላየችኝም። እጆቼን ዘረጋሁላት። እሷ ግን ያየችው ፈረሱን ነው። ዳንግላ ሳለን አባቷ ሳያይ ጀርባው ላይ የማስቀምጣት ፈረስ ነው፤ ሳወርዳት አታውርጂኝ ብላ የምታለቅስበት። ሮጣ የፊት እግሩን አቀፈችው። ከዚያ ዞራ ከኋላው ቆመች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ጭራውን ማነው የቆረጠው?» አለች።

የጠየቀችው በአማርኛ ነው፤ ከአያቷ ጋር ስትኖር አገውኛው ጠፍቷት ነበር። አናጢው ሰማ። በውኃ መውረጃው ቦይ እጁን እየታጠበ ነበር፤ ቀና አለ። አማቴም ከውስጥ ወጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። ልጄ እኔን ነው የምታየው።

ጣቴን ቀሰርኩ። «እሱ ነው» አልኳት።

አናጢው አፉን ከፈተ። አንድ ቃል ቢናገር በቂ ነበር፤ ያን ገበያ ሁሉ ምስክር ይጠራብኝ ነበር። ልጄ እሱን አየችው፣ ቀጥሎ እኔን። እሱም እሷን አያት፣ እኔን አየኝ። አፉን ገጠመ። ገመዱን ፈታና ያን ጉቶ ጭራ ፈረስ እየሳበ ወደ ዳንግላ መንገድ ጀመረ።

ልጄ ጭቃ አንስታ ወረወረችበት፤ ጀርባው ላይ አረፈ። አልዞረም። ከዚያ እየጮኸች መጥታ ጉያዬ ውስጥ ገባች፤ አንገቴን ጥብቅ አድርጋ ይዛ አለቀሰች። አማቴ እያዩን «ግድግዳው ደህና ተመርጓል። ልትከርምበት ትችላለች» አሉና በቅሏቸውን አስጠጉ።

ልጄ ዛሬ የልጆች እናት ናት። የዚያ ሰው ነገር የተነሳ እንደሆነ «ያ ጭራ ቆራጭ!» ብላ እንትፍ ትላለች፤ አንድም ቀን አላረምኳትም። እሱ ሞቷል። ለምን ዝም እንዳለ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ደክሞት ይሆናል። ወይ ስለ ልጅቱ ብሎ ይሆናል። ይቅር እንድለው ብሎ ከሆነ ግን፣ አልተሳካለትም።